አንጎል ለድምፅና ለብርሃን የሚሰጠውን መልስ መለካት፦ ጅማ ላይ ለምትሠሩ የተዘጋጀ መመሪያ

«ይሰማሃል?» ብለን ጠይቀን መልስ የማናገኝባቸው ሰዎች አሉ። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን አለ። ከማጅራት ገትር የዳነ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሲጠሩት የማይዞር ልጅ አለ። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደች «ዓይኔ ደከመኝ» የምትል፣ ዓይኗ ሲታይ ግን ምንም ያልተገኘባት ሴት አለች። እነዚህን ሰዎች በግምት ብቻ መሸኘት የለብንም። ድምፅ ወይም ብርሃን ስንሰጣቸው አንጎላቸው በኤሌክትሪክ ይመልሳል። ያንን መልስ ከራስ ቆዳ ላይ መልቀም ይቻላል።

እዚህ የምጽፈው ስለ ሁለት ምርመራዎች ነው። አንደኛው ድምፅ ከጆሮ ተነሥቶ በአንጎል ግንድ በኩል ሲያልፍ ይከታተላል፤ ባለሙያዎች ኤቢአር ይሉታል። ሁለተኛው ከዓይን ተነሥቶ ማጅራት አካባቢ ያለው የአንጎል ክፍል ድረስ የሚደርሰውን ይለካል፤ ቪኢፒ ይባላል። የማሽናችሁን ማንዋል አንብቡት፤ ይህ ጽሑፍ እሱን አይተካም። ማንዋሉ ግን ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስለ ሹሩባ፣ ቅቤ ስለተቀባ ጠጉርና ስለሚጠፋ መብራት አይነግራችሁም። እኔ በዚያ ላይ አተኩራለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለቴም በዚያው ቦታ ያልመጣ ሞገድ መልስ አይደለም። የቱንም ያህል ቢያምር አትመኑት።

መልሱ ምን ያህል ትንሽ ነው?

የአንጎል የዘወትር እንቅስቃሴ ከራስ ቆዳ ላይ ሲለካ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ያህል ነው። አንድ ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ናት። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ይህን እንቅስቃሴ ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። የአንጎል ግንድ ለአንዲት አጭር ድምፅ የሚሰጠው መልስ ግን ከ1 ማይክሮቮልት በታች ነው። የእይታው መልስ ይሻላል፤ 10 ማይክሮቮልት አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ልኬት ለዓይን አይለይም።

መፍትሔው መደጋገም ነው። የሐሙስ ገበያ ጫጫታ ውስጥ ቆማችሁ አንድ ሰው ጆሯችሁ ሥር ያንኑ ቃል ደጋግሞ ቢያንሾካሹክ፣ ውሎ አድሮ ትለዩታላችሁ። ማሽኑም እንዲሁ ያደርጋል። ከእያንዳንዱ ድምፅ በኋላ የመዘገበውን ይደምርና ያካፍላል። መልሱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቅጽበት ስለሚመጣ ይቆያል። ጫጫታው አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳውሰን ሥራ ላይ አዋለው። የአንጎል ግንድ ሞገዶች ከሰው ላይ በግልጽ የታዩት ደግሞ በ1970 ገደማ ነው፤ ስማቸው ከአሜሪካዊው ዶን ጁዌት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ። ጫጫታው የሚቀንሰው በድግግሞሹ ቁጥር ሳይሆን በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። 100 ጊዜ ስትደግሙ ጫጫታው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። 2,000 ጊዜ ስትደግሙ ወደ አንድ አርባ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ከ2,000 ወደ 4,000 ብትሄዱ ግን ሰውየውን ሁለት እጥፍ አስቀምጣችሁ የምታተርፉት 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫጫታውን በድግግሞሽ ለማሸነፍ አትሞክሩ። ከምንጩ ቀንሱት። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ይህንኑ ስለማድረግ ነው።

ክፍሉን ማዘጋጀት

ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዶፍ ሲወርድ ዝቅተኛ ድምፅ ለልጅ አሰምቶ መለካት ዘበት ነው። የልጁ ጆሮ ደህና ቢሆን እንኳ ድምፁ በዝናቡ ይዋጣል፤ እናንተም «አይሰማም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ኮርኒስ ያለው፣ ከተቻለ ፎቅ ያለው ሕንፃ ታችኛው ወለል ላይ ያለ ክፍል ፈልጉ። ክረምት ላይ የጆሮ ቀጠሮ ስትሰጡ የአካባቢያችሁን የዝናብ ሰዓት አስቡ፤ ሲዘንብ ደግሞ የዓይኑን ምርመራ ሥሩ። ክፍሉን ከመምረጣችሁ በፊት በምትሠሩበት ሰዓት ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ባጃጁ፣ ጄኔሬተሩ፣ ኮሪደር ላይ የሚንኳኳው በር፣ ሁሉም ያኔ ይሰማችኋል።

ሁለተኛው ጫጫታ አይሰማም። የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። የታካሚው ገላና የኤሌክትሮዱ (ራስ ቆዳ ላይ ተለጥፎ መልሱን የሚለቅመው ብረት) ሽቦ እንደ አንቴና ይቀበሉታል። ይህን አድርጉ፦

የፍሎረሰንት መብራቱን አጥፉ። የስልክ ቻርጀር ንቀሉ። አልጋውን ወይም ወንበሩን ከግድግዳው አርቁ። ፍሪጅና ኦክስጅን ማሽን በግድግዳው ማዶ ካሉ ክፍል ቀይሩ። የኤሌክትሮድ ሽቦዎቹን አንድ ላይ ግመዱ፤ ተበታትነው ሲንጠለጠሉ የበለጠ ይቀበላሉ። የታካሚውንም የአጃቢውንም ስልክ ከክፍሉ አስወጡ።

የኧርዙን ነገር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ። ሦስተኛው ቀዳዳው ከምንም ጋር ያልተያያዘ ሶኬት ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ያ ለልኬቱም ለታካሚውም መጥፎ ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽን ስለሚጎዳ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ወዲያው ሴቭ አድርጉ።

ስለ ደህንነት ይህን በጥብቅ እላለሁ። ከሰው ጋር የሚገናኘው አምፕሊፋየር (ትንሿን ምልክት የሚያጎላው ክፍል) ለሕክምና ተብሎ የተሠራ፣ ታካሚውን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚነጥል መሆን አለበት። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያላችሁ የባዮሜዲካል ተማሪዎች የራሳችሁን አምፕሊፋየር ብትሠሩ ደስ ይለኛል። በባትሪ ብቻ ይሥራ፤ ላፕቶፑም ቻርጀሩ ተነቅሎ ይሁን። መምህራችሁ ሳያየው ሰው ላይ አይደረግ፤ ታካሚ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይደረግ።

ቀጠሮ ስትሰጡ የምትነግሯቸው

የልኬቱ ግማሽ የሚበላሸው ቀጠሮ ሲሰጥ ነው። ሰዉ ምን አድርጎ እንደሚመጣ ካልነገርነው እንደ ልማዱ ይመጣል።

ጠጉር። ከዋዜማው በሳሙና ታጥቦ ይምጣ። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የጠጉር ቅባት አይቀባ። ቅባት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ሹሩባዋን እንድታፈርስ ማዘዝ አያስፈልግም። የምንፈልጋቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ከግንባር እስከ ማጅራት በሚሄደው መሐለኛ መስመር ላይ ናቸው። ስለዚህ «ስትሠሪ ጠጉርሽ መሐል ለመሐል ይከፈል፤ መስመሩ እስከ ማጅራት ይውረድ» በሏት። ቁንዳላው ግራና ቀኝ ይሆናል፤ ነጥቡ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሳይነገራት ሠርታ ከመጣች አንድ ወይም ሁለት ጉንጉን ብቻ በፈቃዷ ይፈታ። መቀስ አይነሣ።

ጫትና ቡና። አዋቂው ሰው በምርመራው ቀን ጫት ሳይቅም እንዲመጣ ጠይቁ። የነቃና የተወጠረ ሰው አንገቱና መንጋጋው አይፈታም፤ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ደግሞ የአንጎሉን ይውጠዋል። በተለይ ለጆሮው ምርመራ ሰውየው ቢያንቀላፋ ይሻላል፤ ቡናው ከምርመራው በኋላ ይድረስ። ለዓይኑ ምርመራ ግን ተቃራኒው ነው። የነቃ ዓይን ያስፈልገናል።

ሕፃናት። ከአጋሮ ወይም ከዴዶ የምትመጣ እናት ልጇ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቶ ይመጣና እኛ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ያፈጣል። አስቀድማችሁ ንገሯት። መንገድ ላይ ታጫውተው፣ አታስተኛው። ጡትም እዚህ ደርሳ ታጥባው። ኤሌክትሮዱን ሳይተኛ እንለጥፋለን፤ ከዚያ ጠብቶ እቅፏ ላይ ሲያንቀላፋ እንጀምራለን። ይህ ከማስተኛ መድኃኒት ሁሉ ይሻላል።

መነጽር ያለው መነጽሩን ይዞ ይምጣ። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ያምጣ። ኢታምቡቶል የእይታ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ለአንዳንዶቹ አደጋ አለው። ሐኪሙ ሳይወስን አትጀምሩ።

ኤሌክትሮድ መለጠፍ

እዚህ ጊዜ አትሰስቱ። ሥራው ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰውን አረጋጉ። ብዙ ሰው ሽቦ ሲያይ «ኤሌክትሪክ ልታስይዙኝ ነው?» ይላል። ሌላው ማሽኑ ሐሳቡን የሚያነብ ይመስለዋል። በእርጋታ አስረዱ። «እማማ፣ ከማሽኑ ወደ እርስዎ የሚመጣ የሚሰማዎት ኤሌክትሪክ የለም። ከእርስዎ ያለውን ብቻ ነው የምናየው። አያምም።» ለሐጂውም ለወጣቱም እንዲሁ። አማርኛ የማይሰማ ሰው ከመጣ ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አይጠፋም፤ ግን እናንተ ራሳችሁ ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች ልመዱ። «አስ ኢላላ» ማለት ወደዚህ ይመልከቱ ነው። «ሂን ሶቾኢና» ማለት አይንቀሳቀሱ ነው። በአስተርጓሚ የሚመጣ ትእዛዝ ይዘገያል፤ የሰውየው ዓይን ግን እስከዚያ ሸሽቷል።

ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሴት ስትመጣ መጋረጃ ይኑር፤ ከተቻለ ሴት ባለሙያ ትሥራላት። ለጆሮው ምርመራ ሙሉ ራሷን መግለጥ አያስፈልግም። አናት ላይ በሚለጠፈው ፈንታ የግንባሩ የላይኛው ክፍል፣ ጠጉር ሊጀምር ሲል ያለው ቦታ በቂ ነው። ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ደግሞ ሻሹን ትንሽ ወደ ኋላ በመግፋት ታገኙታላችሁ።

አሁን ሜትር ያዙ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከአፍንጫ ሥር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ ተነሡ። በአናት ላይ አድርጋችሁ ኋላ ማጅራት ላይ በጣት ስትዳስሱ እስከምታገኟት እብጥ ያለች አጥንት ለኩ። 36 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። ግማሹ፣ 18ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ፣ አናት ነው፤ ሲዜድ ይባላል። ከአፍንጫ ሥር 30 በመቶ፣ 10.8 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ኤፍዜድ አለ። ከማጅራቷ አጥንት 10 በመቶ ወደ ላይ፣ 3.6 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ኦዜድ ይገኛል። በዓይን ግምት አትለጥፉ። የሰው ራስ ልኩ ይለያያል፤ ለዚህ ነው በመቶኛ የሚሠራው።

ነጥቡን ምልክት ካደረጋችሁ በኋላ ጠጉሩን በጥጥ መጠቅለያ ዘንግ ጫፍ ክፈሉ። በማጽጃ ጄል ቆዳውን ቀስ ብላችሁ እሹ። የሞተውን የቆዳ ሽፋን ማንሣት ብቻ ነው የምንፈልገው። ደም ከመጣ አልፋችኋል። በቁስል ላይ ኤሌክትሮድ አይለጠፍም። ከዚያ ኤሌክትሮዱን በመለጠፊያ ቅባት ሞልታችሁ ተጫኑት፤ በላዩ ቁራጭ ጋዝ አድርጉ።

የመቋቋም መጠኑን ለኩ። እያንዳንዱ ከ5 ኪሎኦም በታች ይሁን። ከዚያም በላይ እርስ በርሳቸው ይቀራረቡ። አንዱ 1 ሌላው 5 ከሚሆን ሁለቱም 4 ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አምፕሊፋየሩ የግድግዳውን ጫጫታ የሚያጣፋው ሁለቱም ጎን እኩል ሲቀበሉት ነው። ቁጥሩ ካልወረደ ቅባት አትጨምሩበት። አንሡና ቆዳውን እንደገና አጽዱ።

የጆሮ ምርመራ፣ በቅደም ተከተል

1. የጆሮውን ውስጥ በመብራት እዩ። ኩክ የደፈነው፣ መግል የሚፈስሰው ጆሮ መጀመሪያ ይታከም።

2. የጆሮ ማዳመጫውን ራሳችሁ ጆሮ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ይህን በየቀኑ፣ ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት አድርጉት። ማዳመጫው ተበላሽቶ ልጁን አይሰማም እንዳትሉት።

3. አንድ ኤሌክትሮድ አናት ወይም የላይኛው ግንባር ላይ፣ አንዳንድ ከሁለቱ ጆሮዎች ጀርባ፣ የመሬት መስመሩ ዝቅ ብሎ ግንባር ላይ ይለጠፋል።

4. ድምፁ 100 ማይክሮሰከንድ የሚቆይ ክሊክ ነው። በሰከንድ 11.1 ጊዜ ይሰጥ። ለምን 10 አይሆንም? 50ው ለ10 እኩል ስለሚካፈል የመብራቱ ሞገድ ከእያንዳንዱ ክሊክ ጋር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይገጥማል። ማሽኑም መልስ መስሎት ይደምረዋል። 11.1 ሲሆን ቦታው ይዛነፋል፤ ይጣፋል። ቁጥሯ ትንሽ ናት፤ ብዙ የተበላሸ ልኬት ግን ታድናለች።

5. ፊልተሩ (ማሽኑ የሚያሳልፈው የውዝዋዜ ክልል) ከ100 እስከ 3,000 ኸርዝ፣ የምታዩት ጊዜ ለአዋቂ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ፣ ለሕፃን 20 ይሁን።

6. በ70 ወይም በ80 ዴሲቤል ጀምሩ። ሌላኛው ጆሮ እንዳይሰማ በዝቅተኛ የሹሹታ ድምፅ ሸፍኑት። 2,000 ክሊክ ስጡ፤ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ያንኑ ድገሙ። ሁለቱን መስመሮች አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ እዩ።

7. ከዚያ የማዳመጫውን ቱቦ በጣት ወይም በመቆንጠጫ ዝጉና አንድ ጊዜ መዝግቡ። አሁን ሞገድ መኖር የለበትም። ካለ ከጆሮው የመጣ ሳይሆን ከመሣሪያው የመጣ ነው። ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። አትዝለሉት።

ጤነኛ አዋቂ ላይ እስከ አምስት ሞገድ ትቆጥራላችሁ። ፈረንጆቹ በሮማውያን ቁጥር ይጠሯቸዋል። የመጀመሪያው 1.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ላይ ይመጣል፤ ከመስማት ነርቭ ነው። ሦስተኛው 3.7 አካባቢ፣ አምስተኛው ከ5.5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይመጣሉ፤ እነዚህ ከአንጎል ግንድ ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ያለው ርቀት 4 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ከ4.5 ካለፈ በመንገዱ ላይ መዘግየት አለ ማለት ነው። ሞገዶቹ በሙሉ ተያይዘው ከዘገዩ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ደህና ከሆነ፣ ችግሩ ከፊት ነው፤ ኩክ ወይም የመካከለኛ ጆሮ ሕመም ጠርጥሩ።

የመስማት ደረጃውን ለማወቅ ድምፁን በ10 ወይም በ20 ዴሲቤል እየቀነሳችሁ ድገሙ። አምስተኛው ሞገድ እየዘገየና እያነሰ ይሄዳል፤ መጨረሻ የሚጠፋውም እሱ ነው። ድምፅ ሲቀንስ የማይዘገይ «አምስተኛ ሞገድ» ካያችሁ ሞገድ አይደለም።

ጨቅላ ሳለ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ የነበረ ልጅ ሲመጣ ተጠንቀቁ። ውስጠኛው ጆሮው ደህና ሆኖ ነርቩ መልእክቱን በሥርዓት የማያደርስበት ሁኔታ አለ። ያኔ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ልጁ ግን አንዳንድ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ክሊኩን ከሁለቱም አቅጣጫ፣ አየር በሚስብና አየር በሚገፋ ግፊት፣ ለየብቻ መዝግቡ። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ውዝዋዜ አቅጣጫው ሲቀየር ከተገለበጠ ከውስጠኛው ጆሮ ነው። ሌላም ልብ በሉ። ክሊክ የሚፈትነው በዋናነት ከፍ ያሉ ቅጥነቶችን ነው። መልሱ ደህና ሆነ ማለት ልጁ ሁሉንም ድምፅ ይሰማል ማለት አይደለም።

የዓይን ምርመራ

እዚህ ታካሚው የሚያየው ጥቁርና ነጭ የዳማ ሰሌዳ ነው። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር እየሆነ ይገለባበጣል። የስክሪኑ አጠቃላይ ብርሃን ግን አይለወጥም። ከዓይን ነርቭ ብግነት በኋላ ይህ መልስ እንደሚዘገይ እ.ኤ.አ. በ1972 ማርቲን ሃሊደይና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ አሳይተዋል። ምርመራው በሕክምና የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የእይታውን ደረጃ በሰሌዳ ለኩ። መነጽር ካለው ያድርግ። የዓይን ማስፊያ ጠብታ አይጨመር። ኦዜድ ላይ ዋናውን፣ ኤፍዜድ ላይ ማነጻጸሪያውን፣ አናት ላይ የመሬት መስመሩን ለጥፉ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያርፍ ጠይቁትና ስክሪኑን እዩ። በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ፣ ዓይን ሲገለጥ የሚቀንስ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ይመጣል። ያን ካያችሁ ኤሌክትሮዶቹ እየሠሩ ነው። ካላያችሁ ግን ሁሉም ሰው ላይ ጎልቶ አይታይምና በዚያ ብቻ አትደናገጡ።

ስክሪኑ 1 ሜትር ይራቅ። በዚህ ርቀት 1 ዲግሪ የሆነ ካሬ ጎኑ 1.75 ሴንቲ ሜትር ነው። ሩብ ዲግሪው 4.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሁለቱም ትለካላችሁ። የሰሌዳው ስፋት ከ26 ሴንቲ ሜትር አይነስ። በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ይገለበጥ፤ እዚህም የ50ው ነገር ስላለ 1.9 አድርጉት። ፊልተሩ ከ1 እስከ 100 ኸርዝ፣ የምታዩት ጊዜ 250 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ። አንድ ዓይን በደንብ ይሸፈን። 100 ጊዜ መዝግቡ፣ ድገሙ፣ ወደ ሌላው ዓይን እለፉ።

ከታካሚው ጎን የሚቀመጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው ዓይን ማየት ብቻ ነው። ሰው መሐሏን ነጥብ ትቶ ወደ ሌላ ካየ፣ ካንቀላፋ፣ ወይም ሆን ብሎ እይታውን ካደበዘዘ መልሱ ያንሳል፣ ይዘገያል። ዓይኑ ሲሸሽ ልኬቱን አቁሙ፤ ሲመለስ ቀጥሉ።

በ100 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወደ አዎንታዊ የሚነሣ ትልቅ ሞገድ ትጠብቃላችሁ። ፒ100 የሚሉት ይህን ነው። አንዱ ዓይን ደህና ሆኖ የሌላው በግልጽ ከዘገየ፣ ዓይኑና መነጽሩም ደህና ከሆኑ፣ ሐሳባችሁ ወደ እይታ ነርቭ ይሂድ። መጠኑ ብቻ ካነሰ ምክንያቱ ብዙ ነው። የዓይን ሞራ፣ የመነጽር ጉድለት፣ ትኩረት ማጣት ሁሉም ያሳንሱታል። ነጥብ ላይ ማተኮር ለማይችል ሕፃን ወይም ራሱን ለሳተ ሰው በሰሌዳው ፈንታ የብርሃን ብልጭታ ይሰጣል፤ ያ ግን ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ «መልስ አለ፣ የለም» ከማለት ብዙ አያልፍም።

ጠፍጣፋ ስክሪን የምትጠቀሙ ይህን አንብቡ። ኮምፒዩተሩ «ገልብጥ» ካለ በኋላ ስክሪኑ ምስሉን ለማውጣት ጥቂት ሚሊሰከንዶች ሊፈጅበት ይችላል። ያ መዘግየት በቀጥታ ፒ100 ላይ ይደመራል፤ ጤነኛውን ሰው ታማሚ ያደርገዋል። ብርሃን የሚለይ ትንሽ ዳዮድ ስክሪኑ ላይ ለጥፋችሁ በትእዛዙና በብርሃኑ መካከል ያለውን ጊዜ ለኩ፤ ከውጤቱ ቀንሱት። ለባዮሜዲካል ተማሪ ግሩም የሆነ አነስተኛ ፕሮጀክት ነው። ስክሪን ሲቀየር ልኬቱ ይደገም።

የራሳችሁን መደበኛ ቁጥር አውጡ

እዚህ የጻፍኳቸው ቁጥሮች መነሻ ናቸው። የእናንተ ስክሪን፣ የእናንተ ክፍል፣ የእናንተ ማዳመጫ የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ታካሚ ከመቀበላችሁ በፊት ጤነኛ ሰዎችን ለኩ። ተማሪዎችን፣ ባልደረቦችን፣ አስታማሚዎችን በፈቃዳቸው፤ ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም። የሴቶች የጆሮ ሞገድ ከወንዶች ትንሽ ይፈጥናል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የዓይን መልስ ይዘገያል። የሕፃናት የጆሮ ሞገድ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ከአዋቂው ይዘገያል፤ ስለዚህ ሕፃን በአዋቂ ቁጥር አይፈረድም። ይህን ሥራ ሳይሠሩ መጀመር ሚዛኑን ሳያስተካክሉ ቡና እንደ መግዛት ነው ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ግን በቀጥታ ልበለው፦ ያለ መደበኛ ቁጥር የምትጽፉት ውጤት ሰውን ሊጎዳ ይችላል።

ውጤቱን መጻፍና መናገር

ወረቀቱ ላይ «ደህና» ወይም «ችግር አለ» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ጆሮ ወይም ዓይን፣ በስንት ዴሲቤል ወይም በምን ያህል ካሬ፣ መነጽር ነበረው ወይ፣ ተኝቶ ነበር ወይ፣ ስንት ጊዜ ተደገመ፣ ድግግሞሹ ገጠመ ወይ፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ውጭ ዝናብ ከነበረ እሱም ይጻፍ። ሁለቱ መስመሮች ተደርበው ይታተሙ። አንባቢው ሐኪም በዓይኑ አይቶ ይፍረድ።

ለእናት በአንድ ልኬት «ልጅሽ አይሰማም» አይባልም። መልስ ካልተገኘ «ዛሬ መልስ አላገኘንም፤ ጆሮውን አሳይተን ሌላ ቀን እንደግማለን» በሏት፤ ቀኑንም ቁረጡላት። ድጋሚውም ካልመጣ ያኔ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጣችሁ ንገሯት፤ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድም አብራችሁ አሳዩ። ልጁ ባነሰ ዕድሜ እርዳታ ሲያገኝ ቋንቋ የመልመድ ዕድሉ ይሰፋል፤ ስለዚህ ድጋሚ ቀጠሮው ለወራት አይገፋ።

ታካሚው ከሄደ በኋላ ቅባቱ ሳይደርቅ ኤሌክትሮዶቹን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡ። በጥፍር ወይም በምላጭ አትፋቁ። አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ ከጀርም አጽዱ፤ ወርቅ የተቀባ ኤሌክትሮድ በረኪና ያበላሸዋል። ሽቦውን አትጠፉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩ ሥር ነው። አንጠልጥላችሁ አድርቁ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ ጣሉት፤ ለሌላ ሰው አይደገምም።